በአንድ ጨረታ ሁለት የአንድ ቤት ተጫራቾች

የጨረታ ነገር ለገበያ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ነጋዴ መጋዘን ሊገዛ አስቦ ወንድሙንም ደላላውንም፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ወደ አንድ አዳራሽ ቢልክ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። የውጭው ተጫራች 18 ሚሊዮን ብር ላይ ደርሶ ያቆማል። ወንድም 20 ሚሊዮን ይላል፤ ደላላ 22 ሚሊዮን ይላል፤ ወንድም እልህ ይይዘውና 23 ሚሊዮን ይጠራል። መዶሻው ሲወርድ መጋዘኑ የነጋዴው ይሆናል። ከ18 ሚሊዮን በላይ ያለ ተፎካካሪ የተጨመረው ገንዘብም የሚወጣው ከዚያው ነጋዴ ኪስ ነው። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚሄደው ሻጩ ብቻ ይሆናል።

ይህን የመሰለ ራስን በራስ የማጫረት ስህተት በኢንተርኔት የፍለጋ ማስታወቂያ ገበያም ያጋጥማል። ዋናው መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ የሚታይ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ወይም ወኪሉ ደግሞ በከተማው ብቻ የሚታይ ሌላ ማስታወቂያ ያወጣል። ሁለቱም የሚገዙት ቃል አንድ ነው፤ የሚያባብሉት ደንበኛም አንድ ነው። “ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” እንዲሉ፣ ባለቤቱ ሁለት ማስታወቂያ ከአንድ ይሻላል ብሎ ይጽናናል። ባላዎቹ እርስ በርስ ሲገፋፉ መክረማቸውን የሚያውቀው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

ቃል የሚሸጥበት ገበያ

ቃልን በጨረታ የመሸጥ ንግድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ፣ ቢል ግሮስ ባቋቋመው ጎቱ በተባለ የመፈለጊያ ድርጅት ነው። በዚያ ገበያ ለአንድ ቃል ከፍተኛ ዋጋ የጠራ ማስታወቂያው ከላይ ይሰፍርለታል፤ ሰው ጠቅ ባደረገው ቁጥርም የጠራውን ዋጋ ይከፍላል። ድርጅቱ በ2001 ስሙን ኦቨርቹር ብሎ ለወጠ፤ በ2003 ደግሞ ያሁ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። ጉግል የራሱን የማስታወቂያ ገበያ በጥቅምት 2000 በ350 ያህል ደንበኞች ከፈተ። ዛሬ የሚታወቀውን በጠቅታ የሚከፈል ጨረታ ያመጣው ግን በየካቲት 2002 ነው።

የጉግል ጨረታ ከጎቱ በሁለት ነገር ተለየ። አንደኛ፣ ቦታ የሚወሰነው በተጠራው ዋጋ ብቻ ሳይሆን በማስታወቂያው ጥራት ጭምር ነው፤ ይኸውም ማስታወቂያው ምን ያህል ሊጠቀስ እንደሚችል፣ ከተፈለገው ቃል ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝና የሚወስደው ገጽ ለደንበኛው ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታያል። ሁለተኛ፣ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጠራውን ዋጋ ሳይሆን ከእሱ በታች ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ነው። ጨረታው ሰው በፈለገ ቁጥር፣ በዓይን ጥቅሻ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ፣ እንደ አዲስ ይካሄዳል።

አደጋው ያለው በዚህ በሁለተኛው ደንብ ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል የሁሉም ጥራት እኩል ነው ተብሎ ቢሰላ፣ አንድ ዋና መሥሪያ ቤት ለአንድ ቃል እስከ 3 ዶላር ሊከፍል ተዘጋጅቷል፤ የውጭ ተፎካካሪው የጠራው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አሸንፎ የሚከፍለው ወደ 1 ዶላር ከ21 ሳንቲም ይሆናል። አሁን የዚያው ድርጅት ወኪል በራሱ ገንዘብ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ጠርቶ ይግባ። አሸናፊው አሁንም ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚከፍለው ግን 2 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነው። ለ1,000 ጠቅታ 1,210 ዶላር ይወጣ የነበረው 2,810 ዶላር ደረሰ። የተጨመረው 1,600 ዶላር ምርቱን ለገዛ አንድ ተጨማሪ ሰው አላመጣም።

አንድ ኪስ ነው ወይስ ሁለት?

ይሁን እንጂ ሁሉም መደራረብ ዋጋ አያስወጣም። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ዋናው መሥሪያ ቤትና ቅርንጫፉ በአንድ አካውንት ሥር ሁለት ዘመቻ ቢያካሂዱ፣ ጉግል ከሁለቱ አንዱን መርጦ ወደ ጨረታው ያስገባል እንጂ እርስ በርስ አጫርቶ ዋጋ አያስጨምራቸውም። ለአንድ ንግድ በአንድ የማስታወቂያ ሥፍራ ላይ ከአንድ በላይ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ እንዲታይም ደንቡ አይፈቅድም። ይህን ለማለፍ ለአንድ ሱቅ ብዙ አካውንት የሚከፍት ሰው ደንብ ተላላፊ ተብሎ ሊታገድ ይችላል።

በአንድ ኪስ ውስጥ ያለው ጉዳት ሌላ ነው፤ የተሳሳተው ማስታወቂያ መመረጡ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሁለት የእንጀራ መሸጫ ያለው፣ ከዚህም ሌላ በርበሬና ሽሮ በመላ አሜሪካ በፖስታ የሚልክ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይታሰብ። የፖስታው ዘመቻ ትልቅ በጀት አለው፤ ስለዚህም ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል። በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እመቤት ለእራት እንጀራ ብትፈልግ፣ ብልጫ ያለው የፖስታው ማስታወቂያ ይወጣና “በአምስት ቀን ውስጥ እናደርሳለን” ይላታል። ሱቁ ከቤቷ አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቢሆንም አላየችውም። ነጋዴው ለጠቅታው ከፍሏል፤ እንጀራውን ግን የሸጠላት ጎረቤቱ ነው።

ኪሱ ሁለት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በፍራንቻይዝ ወይም በወኪል አከፋፋይ አሠራር ባለ ሱቁ የራሱ ድርጅት፣ የራሱ አካውንትና ብዙ ጊዜም የራሱ ድረ ገጽ አለው። ለጨረታው እሱና ዋናው ድርጅት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከላይ የተሰላው የዋጋ ግፊያ በቀጥታ ይደርስባቸዋል። በአሜሪካ የፍራንቻይዝ ውሎች ባለ ሱቆች ከሽያጫቸው የተወሰነ መቶኛ ለጋራ የማስታወቂያ ፈንድ ማዋጣታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ በአንድ እጁ በፈንዱ በኩል፣ በሌላ እጁ ከራሱ መሳቢያ እየከፈለ ከራሱ መዋጮ ጋር ሲጫረት ይውላል። በፍራንቻይዝ ቤቶች ለሚነሳው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ድንበሩን ማካለል

መፍትሔው ከሦስት ነገር አይዘልም፤ ቦታን፣ ቃልንና ገንዘብን ማካለል ነው።

ቦታን በተመለከተ የመጀመሪያው እርምጃ ቅርንጫፍ ያለባቸውን ከተሞች ከአገር አቀፉ ዘመቻ ማውጣት ነው። ሁለተኛው የቅርንጫፎቹን ክልል መለካት ነው። በምሳሌው ነጋዴ ለእያንዳንዱ ሱቅ የ10 ማይል ክብ ቢሰጠው፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ከዋሽንግተን መሀል ከተማ ሁለቱም ከ10 ማይል ስለሚያንሱ ክቦቹ መሀል ከተማው ላይ ይደራረባሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ክብ ከመሳል ይልቅ በከተማ፣ በካውንቲ ወይም በፖስታ ቁጥር መከፋፈል ይሻላል።

ብዙዎች የማያዩት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጉግል አስቀድሞ አስተካክሎ የሚሰጠው የቦታ ምርጫ በከተማው ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለከተማው ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። በዚህ መሠረት በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚፈልግ ሰው የሱቁን ማስታወቂያ ሊያይ ይችላል። ለሆቴልና ለአስጎብኚ ድርጅት ይህ ጥሩ ነው፤ እንግዳው ከሩቅ ነውና። ትኩስ እንጀራ ለሚሸጥ ግን ብክነት ነው። ምርጫውን “በቦታው ያሉ ብቻ” ወደሚለው መቀየር ገንዘብ የማያስወጣ ማስተካከያ ነው።

ቃልን በተመለከተ ደግሞ ለሁለቱ ዘመቻዎች የየራሳቸው ቃል ይሰጣል። “በአቅራቢያዬ”፣ የሰፈርና የከተማ ስም፣ “ዛሬ ክፍት” የሚሉት የሱቁ ናቸው፤ “በፖስታ”፣ “በጅምላ”፣ “ማዘዝ” የሚሉት የአገር አቀፉ ናቸው። ከዚያም የአንዱን ቃላት በሌላው ላይ የተከለከሉ ቃላት አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ማስታወቂያው በእነዚያ ቃላት አይወጣም፤ ሜዳው ለባለ ድርሻው ይለቀቃል። የተከለከለ ቃል ግን ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ቃላት በራሱ አይከለክልም። ነጠላውን ያስመዘገበ ብዙ ቁጥሩንም፣ አንዱን መጠሪያ ያስመዘገበ ሌላውንም መጻፍ አለበት። ሰዎች በእርግጥ የፈለጓቸውን ቃላት የሚያሳየውን ሪፖርት በየሳምንቱ መመልከትም ያስፈልጋል፤ ድንበር የሚያፈርሰው ቃል የሚገኘው እዚያ ነውና።

ገንዘብን በተመለከተ ጥንቃቄው ከሁሉም ይበልጣል። አገር አቀፉ ዘመቻ ከአንድ ከተማ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የቅርንጫፉ የቀን በጀት ቀትር ላይ ቢያልቅ፣ ከቀትር በኋላ ያለው ገበያ ለተፎካካሪ ይለቀቃል። የባላው ምሳሌ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአንድ አካውንት ሥር ላሉ ዘመቻዎች ሁለተኛው ባላ ይተከል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይተከል። ዋጋ በእጅ በሚወሰንበት ዘመቻ አገር አቀፉ ለዚያ ከተማ የሚጠራውን ዋጋ በመቶኛ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የሱቁ ገንዘብ ሲያልቅ እሱ ይተካል። ዋጋውን ኮምፒዩተሩ ራሱ በሚተምንበት ዘመቻ ግን እንዲህ ያለው ቅናሽ በአብዛኛው አይሠራም። በዚያ ላይ ያለው ምርጫ ከተማውን ማውጣትና የቅርንጫፉን በጀት ቀኑን ሙሉ እንዲበቃ ማሳደግ ነው። አካውንቶቹ የተለያዩ ከሆነም በአንድ አስተዳዳሪ አካውንት ሥር ቢሰበሰቡ የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር በጋራ ለመጠቀምና ሁሉንም ወጪ በአንድ ዓይን ለማየት ያመቻል።

የራስን ስም መግዛት

ከራስ ጋር መጫረት ሌላም መልክ አለው። ደንበኛው የድርጅቱን ስም ጠርቶ ሲፈልግ ድርጅቱ በነፃ ከሚወጣው ውጤት በላይ ለራሱ ስም ማስታወቂያ ይገዛል። ኢቤይ ይህን በ2012 ፈተነው። በመጋቢት ወር በያሁና በኤም.ኤስ.ኤን. ላይ የራሱን ስም መግዛት አቆመ። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታዴሊስ ውጤቱን መርምረው በ2015 በኢኮኖሜትሪካ መጽሔት እንዳወጡት፣ በማስታወቂያው ይመጣ ከነበረው ጠቅታ 99.5 በመቶው በነፃው ውጤት በኩል መጥቷል። ድርጅቱ ሲከፍልበት የኖረው በሩን ሊያንኳኳ ለመጣ ሰው ነበር።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ስም ላልሆኑ ቃላትም በአሜሪካ ከተመረጡ የገበያ አካባቢዎች ማስታወቂያውን አጥፍተው፣ በሌሎቹ ትተው አነጻጸሩ። በአማካይ የሽያጩ ለውጥ ከምንም የማይለይ ሲሆን፣ ማስታወቂያው የጠቀመው አዲስና አልፎ አልፎ የሚገዛ ደንበኛ ለማምጣት ነበር። ኢቤይ ስመ ጥር በመሆኑ ውጤቱ ለማይታወቅ ሱቅ እንዳለ አይሠራም፤ ተፎካካሪ ስሙን እየገዛ ደንበኛ ለሚወስድበት ድርጅትም ስሌቱ ይለያል። መንገዱ ግን ለማንም ይሠራል። አገር አቀፉን ማስታወቂያ በአንዲት ከተማ ለጥቂት ሳምንታት አጥፍቶ፣ በተመሳሳይ ከተማ ትቶ፣ የሁለቱን የሽያጭ ደብተር ማስተያየት ከማንኛውም የማስታወቂያ ሻጭ ምክር ይልቅ ይታመናል።

አጥሩ የሚያበቃበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለአንድ ቤት ነው። የራሱን ቅርንጫፍ በዚህ ቃል ግባ፣ በዚህ አትግባ የሚል ባለቤት ቤቱን ማስተዳደሩ ነው። ትእዛዙ ራሱን ችሎ ለሚነግድ ወኪል ወይም ለተፎካካሪ ሲተላለፍ ግን ጉዳዩ ከማስታወቂያ ክፍል ወጥቶ ወደ ሕግ ክፍል ይገባል።

ጌስ የተባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት ይህን በውድ ዋጋ ተምሮታል። ድርጅቱ በአውሮፓ ለፈቀደላቸው ቸርቻሪዎች በሰጠው ውል ስሙንና የንግድ ምልክቱን በፍለጋ ማስታወቂያ እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ፣ ክልከላው ቸርቻሪዎቹ በጌስ የራሱ የኢንተርኔት ሽያጭ ላይ የሚያሳድሩትን ፉክክር ለመቀነስና የድርጅቱን የማስታወቂያ ወጪ ዝቅ ለማድረግ የታለመ ነው ብሎ ደመደመ። በውሉ ውስጥ ከተመደበላቸው ክልል ውጭ እንዳይሸጡና የመሸጫ ዋጋ በራሳቸው እንዳይወስኑ የሚያደርጉ ሌሎች ገደቦችም ተገኝተዋል። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 17 ቀን 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 39 ሚሊዮን 821 ሺህ ዩሮ ቀጣ። ጌስ ስለተባበረ ቅጣቱ በግማሽ ተቀንሶለት ነው ይህ የሆነው። ከሰኔ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም አከፋፋይን ከአንድ የኢንተርኔት ማስታወቂያ መንገድ ጠቅልሎ ማገድን ከከባድ ገደቦች መድቦታል።

በአሜሪካ ክርክሩ በተፎካካሪዎች መካከል ተነሳ። ዋን ኤይት ሀንድረድ ኮንታክትስ የተባለው የዓይን ሌንስ ሻጭ ከ2004 እስከ 2013 ድረስ ከ14 ተፎካካሪዎቹ ጋር አንዱ የሌላውን ስም በፍለጋ ጨረታ እንዳይገዛ፣ የተከለከሉ ቃላትንም እንዲያስመዘግብ ተስማምቶ ነበር። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2016 ከሰሰው፤ በ2018ም ስምምነቶቹ የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። ይሁን እንጂ በኒውዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በሰኔ 2021 ውሳኔውን ሻረው፤ የንግድ ምልክት ክርክርን በስምምነት መጨረስ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነው በሚል። ድርጅቱ ቢረታም ክርክሩ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ልብ ሊባል የሚገባው መሣሪያው አንድ መሆኑ ነው። አንድ ባለቤት በሁለት ሱቆቹ መካከል የሚያስመዘግበው የተከለከለ ቃል ቁጠባ ነው፤ ሁለት ተፎካካሪዎች ተስማምተው የሚያስመዘግቡት ግን ገበያ መከፋፈል ሊባል ይችላል። በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪ ነጋዴዎች ደንበኛን ወይም የገበያ ክልልን ለመከፋፈል የሚያደርጉትን ስምምነት ከልክሏል።

ስለዚህ ወኪል ያለው አስመጪ ወይም አምራች ከማዘዝ ይልቅ መክፈል ይቀናዋል። ወኪሉ በከተማው ቃላት የሚያወጣውን ወጪ በከፊል ሊጋራው ይችላል፤ ራሱ በፈቃዱ ከወኪሉ ከተማ ሊወጣለት ይችላል፤ ከአገር አቀፉ ማስታወቂያ የመጣውን ደንበኛ በአቅራቢያው ወዳለው ወኪል ሊመራለት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ግፊያውን ያበርዳሉ፤ የወኪሉን የመነገድ ነፃነት ግን አይነኩም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ቢያየውም የጠበቃው ክፍያ ከጌስ ቅጣት ጋር አይወዳደርም።

ለነጋዴው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ “ስንት ልጥራ?” የሚለው አይደለም። “ከእኔ በታች የጠራው ማነው?” የሚለው ነው። የውጭ ሰው ከሆነ ጨረታው የተገባ ጨረታ ነው። የራሱ ቅርንጫፍ ከሆነ አንዱን ከአዳራሹ ማስወጣት ነው። ወኪሉ ከሆነ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ከመጯጯህ ውጭ ወጥቶ፣ በግልጽ ተነጋግሮና ሒሳብ ተሳስቦ መግባባት ያዋጣል።